ከቁራሌ የተገዛ ኮምፕሬሰር፦ ፋሻው ይቅደም ወይስ ታንከሩ?

ይህን ጥያቄ በአንድ የኢንተርኔት የውይይት ክር (ጥያቄና ምላሽ በተራ የሚጻፍበት ገጽ) ላይ ያቀረበው በድሬዳዋ፣ ሳቢያን አካባቢ የጎሚስታ ሥራ ለመጀመር የተሰናዳ ወጣት ነው። ከቁራሌዎች ግቢ ውስጥ ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ በቺንጋ (በቀበቶ) የሚዞርና 100 ሊትር የአየር ማጠራቀሚያ ታንከር ያለው ኮምፕሬሰር በኪሎ ተመዝኖለት ገዝቷል። ሞተሩ ቀድሞ ተነቅሏል፤ ቮላኖው (ኮምፕሬሰሩን የሚያዞረው ትልቅ መዘውር) በእጅ ሲሞከር ንቅንቅ አይልም፤ ግፊቱ ሲሞላ ሞተሩን የሚያጠፋው አውቶማቲክ የለም፤ የማኖሜትሩ (የግፊት መለኪያው) መስታወት ተሰብሮ መርፌው 3 ላይ ቆሟል። በእጁ የቀረው ገንዘብ ዘጠኝ ሺህ ብር ብቻ ሲሆን ሊያውቅ የፈለገውም ሁለት ነገር ነበር፤ አንደኛው የየትኛው ሞተር ፋሻ (አየር በፒስተኑ ዳር እንዳያመልጥ የሚይዘው የብረት ቀለበት) ለፒስተኖቹ እንደሚሆን፣ ሁለተኛው ባለ ሁለት ፈረስ ጉልበት ሞተር ይበቃው እንደሆነ። ስለ ታንከሩ የጻፈው በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው፦ ቀለሙ ከውጭ ሲታይ ደህና እንደሆነ፣ ከሥሩ ያለው የውኃ ማስወጫ ታፖ (መክደኛ ብሎን) ግን ዝጎ አልፈታ ስላለው ለጊዜው እንደተወው። እኔ ክሩን ሳነብ ዓይኔ የተተከለው እዚህ ዐረፍተ ነገር ላይ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት መላሾች ግን ሳያዩት አለፉ።

ምላሽ 1 ከድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር፣ ከአንድ ነባር የጋራዥ ሠራተኛ የመጣ ነው። ሰላምታውን አስረዝሞ ወጣቱን ካበረታታ በኋላ፣ የተጣበቀ ፒስተን በምንም ምክንያት በመዶሻ እንዳይነካ አሳሰበ። ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ተከፍቶ ናፍጣ ከካምቢዮ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ በሁለቱም ሲሊንደሮች ውስጥ ይፈስና ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ ከዚያ ቮላኖው ወደ ፊትና ወደ ኋላ ጥቂት በጥቂት ይወዘወዛል። ሲላቀቅም ደስ ብሎት ሙሉ ዙር እንዳያዞረው፣ ሲሊንደሩ ውስጥ የቀረው ዝገት ተጠርጎ ሳይወጣ ፒስተኑ ከወጣና ከወረደ ግድግዳውን እንደሚቧጭረው አክሎ ጻፈ። በጠቅላላው ክር ውስጥ ከዚህ ምላሽ ጋር የተከራከረ ሰው የለም።

ምላሽ 2 የባጃጅ መካኒክ ነው፤ የባጃጅ ፋሻ በየሱቁ ስለሚገኝና ስለሚረክስ እሱን ገዝቶ መግጠም ብቻ ነው አለ። ምላሽ 3 በቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ሥራ የሚተዳደሩ የሐረር ሰው ሲሆኑ፣ ፋሻ በመኪና ስም ሳይሆን በልክ እንደሚገዛ በትሕትና ግን በማያወላዳ ቋንቋ አስተካከሉት። የሲሊንደሩ ስፋት፣ ፋሻው የሚቀመጥበት የፒስተን ቦይ ከፍታ፣ የቦዩ ጥልቀት፦ ሦስቱ ሳይለኩ ወደ ሱቅ መሄድ ብር መጣል ነው። ፋሻው ከተገዛ በኋላም ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ በፒስተኑ ጀርባ ቀጥ እስኪል ይገፋና በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለው ክፍተት ይለካል፤ 65 ሚሊ ሜትር ለሆነ ሲሊንደር ሩብ ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃል። ክፍተቱ ከዚያ ከጠበበ ፋሻው ሲሞቅ ጫፍ ለጫፍ ተገፋፍቶ ይሰበራል፤ እጅግ ከሰፋ ደግሞ አየሩ ወደ ኮፓ (ከሥር ወዳለው የዘይት መያዣ) ይወርዳል። እኚሁ ሰው ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከፋሻው ይልቅ በቴስታታው ሥር ካሉት ስስ የብረት ቅጠል ቫልቮች እንደሚገኝ ጠቁመዋል። ቅጠሎቹ የሚያርፉበት ሳህን ወፍራም መስታወት ላይ በተዘረጋ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት በስምንት ቁጥር ቅርጽ እየታሸ ጠፍጣፋ ይደረጋል፤ የተሰነጠቀ ቅጠል ግን አይጠገንም፣ ውፍረቱ ከተመሳሰለ የሞላ ብረት ይቆረጥለታል፤ ጠርዙም በጥንቃቄ ካልለሰለሰ ስንጥቁ ከዚያው ከጠርዙ ይጀምራል። ይህን ምላሽ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ልክና ምክንያት አንድ ላይ ሲሰጡ ማየት በእንዲህ ዓይነት ክር ውስጥ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም።

ነገሩን ያዞረው ምላሽ 4 ነው። ጸሐፊው በድሬዳዋ የባቡር ወርክሾፕ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ጡረተኛ ናቸው። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. እንደመሆኑ፣ በከተማው ቶርኖና ብየዳ ከዚያ ግቢ ያልተማረ ወይም ከዚያ ከተማረ ሰው ያልቀሰመ ነባር ባለሙያ ማግኘት ያስቸግራል፤ ሽማግሌውም ይህን ሳይደብቁ ነው የጻፉት። ስለ ፋሻ አንድ ቃል አልተናገሩም። የታንከሩ ታፖ ዛሬውኑ በማንኛውም ዘዴ ይፈታ፣ የሚወጣውም በነጭ ጨርቅ ላይ ይታይ አሉ፤ ቡናማ ውኃ ብቻ ከሆነ ተስፋ አለ፣ የዝገት ቅርፊት እየተገነጠለ ከወጣ ግን ከሆዱ በኩል ብረቱ ተበልቷል ማለት ነው። አየር ሲጨመቅ በውስጡ ያለው እርጥበት ውኃ ሆኖ ታንከሩ ሥር ይጠራቀማል፤ ሳይፈስስ ዓመታት ከቆየ ዝገቱ የሚሠራው ከውስጥ ነው፤ የውጭ ቀለምም ስለዚህ ምንም አይመሰክርም። ወጣቱ የጠየቀውን ትቶ ያልጠየቀውን እንዲጠይቅ በማዘዝ ምላሻቸውን ዘጉ።

ምላሽ 5 ላይ ድምፁ ተለወጠ። በመጋላ ሰፈር ጎሚስታ ያለው አንድ ሰው፣ ከተማው ውስጥ ባለው ጎሚስታ ሁሉ ያረጀ ታንከር እንደሚሠራ፣ ሲፈነዳም በዓይኑ እንዳላየ፣ ሽማግሌውም ከተቀመጡበት ሆነው የድሀ ልጅ እንጀራ ላይ ፍርሃት እየነዙ እንደሆነ በቁጣ ጻፈ። አንተ እያለ ስለጻፈላቸው ከአዲስ አበባ የገባ ተሳታፊ በምላሽ 6 ነውር ነው ብሎ ተነሣ፤ የድሬ ሰዎች ግን በምላሽ 7 ተሳሳቁበት፣ ሽማግሌውም ራሳቸው በዚያ ነገር ቅር አለመሰኘታቸውን አስታወቁ። ስለ ዋናው ጉዳይ የመጋላው ሰው ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። አብዛኛው የዛገ ታንከር ከመፈንዳቱ በፊት በመርፌ ቀዳዳ መተንፈስ ይጀምራል፤ እሱ ያየውም ይህንኑ ይመስለኛል። ያልተናገረው ከዚያ በኋላ የሚደረገውን ነው።

እሱን የተናገረችው ምላሽ 8 ላይ የጻፈች፣ በሐረር ከጁገል ውጭ የቤተሰቧን ጋራዥ የምታስተዳድር ሴት ናት። ታንከራቸው ከሥሩ በጠብታ ቀዳዳ መተንፈስ ሲጀምር በያጅ ተጠርቶ ላሜራ ለጠፈበት፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ ከልጣፉ አጠገብ እንደገና ተነፈሰ፤ እንደገናም ተበየደ። በመጨረሻ የተሰነጠቀው በብየዳው ጠርዝ ዳር ዳሩን ነው፤ ኮምፕሬሰሩ ተነሥቶ የጣሪያውን ቆርቆሮ ቀድዶ ወደቀ። ሰዓቱ ከምሳ በኋላ፣ ሠራተኞቹ ሁሉ በርጫ ላይ የነበሩበት በመሆኑ የተጎዳ ሰው አልነበረም። በያጁን አልወቀሰችም፤ የተነገረውን ነው የሠራው አለች። ስትጽፍ ምንም ዓይነት ማጋነን አለመጠቀሟ ከቁጣው ሁሉ ይልቅ ክሩን ጸጥ ያሰኘው ይመስለኛል፤ የመጋላው ሰው እንኳ ከዚህ በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ አልጻፈም።

ምላሽ 9 የፊዚክስ መምህር ነው። በ8 ባር የተሞላ የ100 ሊትር ታንከር 100 ኪሎ ጁል ገደማ ጉልበት እንደሚይዝ አስልቶ፣ ይህም አንድ ቶን የሚመዝን መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ከሚሸከመው ጋር እንደሚተካከል አስረዳ። ስለዚህም ታንከርን አየር ሞልቶ መፈተን ፈተና ሳይሆን አደጋው ራሱ ነው። ውኃ ግን እንደ አየር ስለማይጨመቅ ብረቱ ቢሰነጠቅ ግፊቱ በቅጽበት ይወርዳል፤ የሚታየውም ጠብታ ብቻ ይሆናል።

አፈጻጸሙን በምላሽ 10 የዘረዘረው የቧንቧ ሠራተኛ ነው። ታንከሩ ከላይ ያለው ቀዳዳ ክፍት ሆኖ ውኃ እስኪፈስስ ድረስ ይሞላል፤ ውስጡ የታመቀ አየር ከቀረ ፈተናው ትርጉሙን ያጣል። የቀሩት ቀዳዳዎች ሁሉ በታፖ ተዘግተው ቧንቧ ሠራተኞች መስመር የሚፈትኑበት የእጅ ፓምፕ ይገጠማል፤ ግፊቱም ሊሠራበት ከታሰበው አንድ ተኩል እጥፍ፣ ማለትም ለ8 ባር ወደ 12 ባር ይደርሳል። ግማሽ ሰዓት ይቆያል፤ መርፌው ወረደ አልወረደ፣ ብየዳዎቹና እግሮቹ የተጣበቁበት ቦታ ላበ አላበ ይታያል። ፓምፑን ለአንድ ከሰዓት መከራየት ከአንድ ፋሻ ዋጋ እንደማይበልጥ ጽፎ፣ ለወጣቱ በነጻ ሊያውሰው ቃል ገባ።

ከ11 እስከ 16 ያሉት ምላሾች ከመንገድ ወጣ ያሉ ናቸው፤ ከመካከላቸው ግን አንድ ሁለት ጠቃሚ ነገር ይገኛል። አንዱ በ1998ቱ ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከተማውን ሲያጥለቀልቅ ስንት ማሽን ጭቃ ውስጥ እንደተቀበረ አስታውሶ፣ ይህም ታንከር ከዚያ ጊዜ የተረፈ ሊሆን እንደሚችል ገመተ፤ ሌላው ግምት ብቻ ነው ብሎ ቆረጠው። ከዚያ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ገብቶ፣ የጅቡቲ መንገድ በተሰባበሩ መኪናዎች የተሞላ ስለሆነ የአየር ፍሬን ኮምፕሬሰር አውልቆ በሞተር ማዞር እንደሚቀልል አሳሰበ። ወሬውም ወደ ደንገጎ ዳገት፣ ወደ ፍሬን መጋል፣ ቁልቁለት በየትኛው ማርሽ እንደሚወረድ ሄደ። የከዚራው ጋራዥ ሠራተኛ ነው ወደ መሥመሩ የመለሰው፦ የከባድ መኪና ኮምፕሬሰር አብዛኛውን ጊዜ ዘይቱን በግፊት የሚያገኘው ከመኪናው ሞተር ነው፣ ብዙዎቹም የሚቀዘቅዙት በሞተሩ ውኃ ነው፤ ያለ ሁለቱ ብቻውን ቢዞር ብሮንዚናው (ዘንጉ የሚዞርበት ማረፊያ) ወዲያው ይቃጠላል። ከከባድ መኪና መወሰድ ያለበት ኮምፕሬሰሩ ሳይሆን ታንከሩ ነው ብሎ ጨመረ፤ ለአየር ግፊት ተብሎ የተሠራ ነው፣ ውኃ ማፍሰሻ አለው፣ ሁለት ሦስቱንም በቱቦ አገናኝቶ መጠቀም ይቻላል። የምግብ ማብሰያ ጋዝ ሲሊንደር ለመቁረጥ ያሰበ ሰው በምላሽ 16 ሐሳቡን ሲያቀርብ ቧንቧ ሠራተኛው ሊሳደብ ምንም አልቀረው፤ ውስጡ የቀረ ጋዝ በብየዳ እሳት ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ ሰው ምክር አይስጥ ነበር ያለው። ጠንከር ያለ አነጋገር ነው፤ ለቦታው ግን አልበዛም።

ስለ ሞተሩ የተጻፈው በአብዛኛው በምላሽ 17 እና 18 ነው። ኤሌክትሪሺያኑ መጀመሪያ የሞተሩ የስም ሳህን እንዲነበብ ጠየቀ። በደቂቃ 2850 የሚዞር ሞተር ለዚህ ሥራ ፑሌጃው (ሞተሩ ላይ ያለው የቺንጋ መዘውር) እጅግ ትንሽ ካልሆነ በቀር አይስማማም፤ ቺንጋ ደግሞ በትንሽ ፑሌጃ ላይ ሲታጠፍ ይንሸራተታል፣ ቶሎም ይበላል። 1450 የሚዞር ይፈለግ፤ ቮላኖው 300 ሚሊ ሜትር ከሆነ በ150 ፑሌጃ ኮሎው (ፒስተኖቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ) 725 ጊዜ፣ በ120 ፑሌጃ 580 ጊዜ ይዞራል። ሞተሩ ደከም ያለ ከሆነ ፑሌጃውን ማሳነስ ነው፤ አየሩ ይዘገያል፣ ሞተሩ ግን አይቃጠልም። ይሁንና ይህ ኮምፕሬሰር ዘይቱን የሚረጨው ከቢየላው (ፒስተኑን ከኮሎው ጋር ከሚያገናኘው ክንድ) ሥር ባለ ማንኪያ በመሆኑ ከልክ በላይ ከዘገየ ዘይቱ ወደ ላይ በበቂ አይረጭም። ያገለገለ የስሪ ፌዝ (በሦስት የመብራት መስመር የሚሠራ) ሞተር በርካሽ ስለሚገኝ በካፓሲተር በ220 ቮልት ማስነሣት ይቻል እንደሆነ ሲጠየቅ፣ ሳህኑ ላይ 220/380 ከተጻፈ በዴልታ (ሦስቱ ጥቅልሎች ጫፍ ለጫፍ በሦስት ማዕዘን ተያይዘው) ታስሮ እንደሚቻል፣ ለአንድ ኪሎ ዋት 70 ማይክሮ ፋራድ ገደማ ካፓሲተር እንደሚያስፈልግ፣ ከጉልበቱ ሢሶ ያህሉ እንደሚጠፋ፣ ሲነሣም በጣም ደካማ እንደሚሆን መለሰ። ስለዚህም ታንከሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ቴስታታው ውስጥ የቀረው አየር የግድ መተንፈስ አለበት። ይህች የመጨረሻዋ ነገር ኋላ ዋጋ አወጣች።

ምላሽ 19 ዘይትን ይመለከታል፤ ለድሬ ሙቀት ቁጥሩ 100 የሆነ የኮምፕሬሰር ዘይት ይሻላል፣ የመኪና ሞተር ዘይት በውስጡ ያለው ማጽጃ ውኃውን ስለሚያዋሕደውና ቫልቮቹ ላይ ጥላሸት ስለሚያስቀር አይመረጥም ይላል። ምላሽ 20 ከታንከሩ ለሚወጣው መስመር የፕላስቲክ ቧንቧ እንዳይገባ ከለከለ፤ በውኃ ጊዜ የሚያንጠባጥበው ፕላስቲክ በአየር ጊዜ እንደ ጠርሙስ ስብርባሪ ይበተናል።

ምላሽ 21 ላይ የመጋላው ሰው ተመለሰ፤ ሴፍቲ ቫልቩ (ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ አየር የሚያስተነፍሰው) በየጊዜው እየጮኸ ስለሚያስቸግር በብሎን እንዲደፈን መከረ። ሽማግሌው በምላሽ 22 የመለሱለት አንድ መስመር ነው፤ የሚጮኸው አውቶማቲኩ በሰዓቱ ስለማያጠፋ ነው፣ ጩኸቱን የሚደፍን ሰው የታመመውን ትቶ የሚያስታምመውን ያንቃል አሉ። የመጋላው ሰው በዚህ ተናዶ ወጣ።

በምላሽ 23 መምህሩ እንደገና ብቅ ብሎ ወጣቱ የላከውን ልክ አሰላ። ሲሊንደሩ 65፣ ምቱ 48 ሚሊ ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ፒስተን በአንድ ምት 159 ሴንቲ ሜትር ኩብ ይገፋል፤ ሁለቱ በደቂቃ 580 ዙር 185 ሊትር ያህል ይሆናል፣ ከዚህም በተግባር የሚደርሰው ሁለት ሢሶ ቢሆን ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የሚሳበው አየር ራሱ ስስ ነው፤ ሐረር 1885 ሜትር ላይ ስላለች ደግሞ ይኸው ማሽን እዚያ ቢተከል ለመሙላት ከድሬው ጊዜ ከመቶ ስምንት ያህል ይጨምራል። ሐረሮች ይህን ሲሰሙ የአየራቸውን ቅዝቃዜ በማወደስ ተከላከሉ፤ ክሩም ለተወሰኑ ምላሾች የሁለቱ ከተሞች የቆየ ክርክር ሆነ። እሱን እዘለዋለሁ።

ወጣቱ በምላሽ 29 ተመልሶ ውጤቱን አሳወቀ። ታፖው በእሳት ሞቆ ሲፈታ እንደ ቅጠል የተሸራረፈ ዝገት ወጣ፤ ታንከሩ በውኃ ሲፈተን 12 ባር ሳይደርስ 9 ላይ እግሩ በተበየደበት ጠርዝ መስመር ሠርቶ አላበው። በዚያው ቀን ሁለት ባለ 40 ሊትር የከባድ መኪና ታንከሮች ገዝቶ እነሱንም ፈተናቸው፤ 12 ባር ላይ ግማሽ ሰዓት ቆሙ። አሮጌውን በሽማግሌው ምክር በብረት መቁረጫ ሁለት ቦታ ከፍሎ፣ ሌላ ሰው ታንከር ብሎ እንዳይገዛው አድርጎ ሸጠ። ፋሻው በልክ የተገኘው ከባጃጅ ሳይሆን ከአንድ አሮጌ ሞተር ብስክሌት ነው። ገንዘቡ ለታንከሮቹ፣ ለአውቶማቲኩ፣ ለሴፍቲ ቫልቩና ለማኖሜትሩ ወጥቶ ለሞተሩ የተረፈው ጥቂት በመሆኑ ያገለገለ ባለ ሁለት ፈረስ ጉልበት ስሪ ፌዝ በካፓሲተር አስሯል። ከዜሮ እስከ 8 ባር ሰባት ደቂቃ ያህል ፈጀበት፤ የመምህሩ ስሌት ስድስት ነበር። የቀሩት ሁለት ችግሮች፣ ታንከሩ ከሞላ በኋላ ሞተሩ ሲነሣ እያጉረመረመ መቆሙና ቴስታታው እጅ እንዳይነካው ድረስ መጋሉ ናቸው።

የመጀመሪያው በምላሽ 30 ተፈታ። ሞተሩ ሲጠፋ ከአውቶማቲኩ ሥር የሚሰማው የጥቂት ሰከንድ ትንፋሽ አለ ወይ ብሎ ኤሌክትሪሺያኑ ጠየቀ፤ አልነበረም። ይህን አየር የምታስተነፍሰው ቀጭን ቱቦ አውቶማቲኩ ላይ ስላልታሰረች ቴስታታው ውስጥ የታመቀው አየር መውጫ አጥቶ ፒስተኑን ይጫነው ነበር። ትንፋሹ ከመጣ በኋላ የማይቆም ከሆነ ደግሞ አየሩን ወደ ታንከሩ አሳልፎ መልሶ የማያስወጣው ቫልቭ ቆሽሿል ማለት ስለሆነ ተፈትቶ ይጽዳ አለ። ለሁለተኛው የሐረሩ ቶርኖ ሠራተኛ በምላሽ 31 ፎቶግራፉን አይተው መለሱ። የቮላኖው ክንፎች የተጠመዘዙበት አቅጣጫ አየሩን ወደ ሲሊንደሮቹ ሊነፍስ የታሰበ ሆኖ ሳለ፣ ሞተሩ በተቃራኒው ስለሚዞር ከሲሊንደሮቹ እየሳበ ወደ ውጭ ይበትነዋል። የካፓሲተሩ አንድ ጫፍ ከታሰረበት የመብራት መስመር ተነሥቶ ወደ ሌላው መስመር ቢዛወር ሞተሩ አዙሪቱን ይለውጣል። ወጣቱ ማምሻውን ለውጦ፣ ቴስታታው አሁንም እንደሚሞቅ፣ ነገር ግን አሥር ደቂቃ ሠርቶ እንኳ የውኃ ጠብታ ሲያርፍበት እንደማይፈላ ጻፈ። ከዚያ ባጃጅ ለመቀባት ከአየሩ ውስጥ ውኃውን እንዴት እንደሚለይ ጠየቀ፤ የውይይት ገጹ አስተናጋጅም ጥያቄው ራሱን የቻለ ክር እንዲከፈትለት አዝዞ ይህን ዘጋው።